ያልተጻፈው ቀመር፦ የሚያድገውን መንጋጋ በስሌት ለማወቅ የተደረገው ጥረት ታሪክ

ሕክምና ሁሉ በመጠኑ ትንቢት አለበት። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝዝ ነገ የሚሆነውን እየገመተ ያዝዛል። ይሁን እንጂ የጥርስንና የመንጋጋን አቀማመጥ የሚያቃናው ሐኪም፣ በተለይም ታካሚው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ይልቅ ለትንቢት የቀረበ ሥራ ወድቆበታል። በስምንት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ የሚያኖረው መሣሪያ ዋጋው በትክክል የሚመዘነው ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል የታችኛው መንጋጋ ይረዝማል፤ ይዞራል፤ ቅርፁንም ይለውጣል። ከዚህ ሁሉ ለውጥ የትኛው ከመሣሪያው፣ የትኛው ከተፈጥሮ እንደ መጣ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህን ችግር በሒሳብ፣ በኋላም በኮምፒዩተር ለመፍታት የተደረገው ጥረት ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። ታሪኩን መለስ ብለን ስንመረምረው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል፤ ይኸውም ኀይልን ማስላት መቻል ዕድገትን አስቀድሞ እንደ ማወቅ መቈጠሩ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን የሙያው ሰዎች የተማሩት ቀስ በቀስና በብዙ ድካም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ትምህርቱ እንዴት እንደ ተገኘ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሐንዲሱ መስመሮች

በ1860ዎቹ ዓመታት በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ሄርማን ፎን ማየር የተባሉ የአናቶሚ ሊቅና ካርል ኩልማን የተባሉ መሐንዲስ ነበሩ። ማየር የጭንን አጥንት ራስ ሰንጥቀው በውስጡ ያለውን ወንፊት መሰል አጥንት አደራደር ያጠኑ ነበር። ኩልማን በበኩላቸው ክሬን ክብደት ሲሸከም በአካሉ ውስጥ የሚፈጠረውን ውጥረት በመስመር እየሣሉ ያሰሉ ነበር። መሐንዲሱ የአናቶሚውን ሊቅ ሥራ ባዩ ጊዜ የአጥንቱ ቀጫጭን ዘንጎች እርሳቸው ለክሬኑ ከሣሏቸው መስመሮች ጋር ተመሳሳይ ሆነው መደርደራቸውን አስተዋሉ፤ ማየርም ይህን በ1867 በጽሑፍ አወጡት።

የበርሊኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ ከዚህ ተነሥተው በ1892 ታላቁን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ትምህርታቸው፣ አጥንት የሚሸከመው ኀይል ሲለወጥ ውስጣዊ አሠራሩም ውጫዊ ቅርፁም በሒሳብ ሕግ መሠረት ይለወጣል የሚል ነበር። ቃሉ ብርቱ ነው። ነገር ግን ቮልፍ የሒሳብ ሕግ አለ አሉ እንጂ ሕጉን ራሱን በቀመር አልጻፉትም። ምን ያህል ኀይል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ሚሊሜትር አጥንት እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚናገር ቀመር በመጽሐፋቸው ውስጥ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ በአብዛኛው ይህን ያልተጻፈ ቀመር የመፈለግ ታሪክ ነው።

ቀመሩ ባይኖርም እምነቱ ወደ ጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ደረሰ። ለጋ ዕፅ ከደረቀው ይልቅ በቀላሉ እንደሚቃና፣ የልጅ መንጋጋም ኀይልን በመለወጥ ሊመራ ይችላል የሚል ተስፋ ተስፋፋ። ፈረንሳዊው ፒየር ሮቤን በ1902 የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚያመጣ መሣሪያ አስተዋወቁ። በኖርዌይ ይሠሩ የነበሩት ቪጎ አንድረሰንና ካርል ሆይፕልም በ1936 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የልጁ የራሱ ጡንቻዎች ኀይል በመሣሪያ አማካይነት አጥንቱን እንዲቀርጽ የማድረግን ስልት በሰፊው አስተማሩ። በእነዚህ መሣሪያዎች ኤውሮፓ ውስጥ እጅግ ብዙ ልጆች ታከሙ።

በዚያው ዘመን ግን መንጋጋ ምን ዐይነት ኀይል እንደሚሸከም እንኳ ስምምነት አልነበረም። የዙሪኩ አልፍሬድ ጊዚ በ1921 የታችኛው መንጋጋ እንደ ማንሻ ዘንግ ይሠራል፤ ስናኝክም ከጆሮ ፊት ያለው መጋጠሚያ ጫና ይሸከማል ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ደግሞ የጡንቻዎቹ ኀይል ሁሉ በጥርሶቹ ላይ ስለሚያርፍ መጋጠሚያው ምንም አይሸከምም ይሉ ነበር። ክርክሩ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ዘለቀ። አሜሪካዊው ዊልያም ሃይላንደር በ1975 ባወጡት ጽሑፍ የማንሻውን አስተያየት ደገፉ፤ በ1979 ደግሞ በጦጣዎች መንጋጋ ላይ የመለጠጥ መለኪያ ለጥፈው መጋጠሚያው በእርግጥ ጫና እንደሚሸከም አሳዩ። ይህ ለእኛ ሙያ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም የታችኛው መንጋጋ ከሚያድግባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አንዱ ያው ጫና የሚሸከመው የመንጋጋ ራስ ነውና።

ከአማካዩ ልጅ ወደ አንዱ ልጅ

ኀይሉን ለማወቅ የሚደረገው ክርክር በዚህ ሁኔታ ሲቀጥል፣ ዕድገትን በቀጥታ መለካት የሚቻልበት ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1931 በአሜሪካ የክሊቭላንድ ሐኪም ሆሊ ብሮድቤንት፣ በጀርመንም ሄርበርት ሆፍራት፣ የራስ ቅልን ሁልጊዜ በአንድ አቋም አጽንቶ በራጅ የማንሣትን ዘዴ እያንዳንዳቸው ለየብቻ አሳወቁ። ከዚህ በኋላ የአንድን ልጅ ፊት በየዓመቱ እያነሡ ማነጻጸር ተቻለ። በክሊቭላንድ የተሰበሰቡት የብዙ ልጆች ራጆችም ለአማካይ ዕድገት መለኪያ ሆኑ።

የኮፐንሃገኑ አርነ ቢዮርክ ከዚህ ርቀው ሄዱ። በልጆች መንጋጋ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ምልክቶች ቀብረው፣ ራጆቹን በእነዚህ በማይንቀሳቀሱ ምልክቶች ላይ እያስተካከሉ አነበቡ፤ ውጤታቸውንም ከ1955 ጀምሮ አወጡ። ያዩት ነገር ብዙዎችን አስደነቀ። የታችኛው መንጋጋ በዕድገት ጊዜ በብርቱ ይዞራል፤ አጥንቱ ግን በገጽታው እየተፋቀና እየተለበጠ ይህን መዞር ይሸፍነዋል። የመንጋጋው ራስ የሚያድግበት አቅጣጫም ከልጅ ወደ ልጅ በብዙ ዲግሪ ይለያያል። በጕርምስና ወራት ፍጥነቱ ከፍ ሲል በአንዳንድ ወንዶች ልጆች በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል። እንግዲህ አማካዩ ልጅ በወረቀት ላይ ያለ ልጅ ሆነ፤ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ግን ሌላ ነው።

ኮምፒዩተር ወደ ሙያችን የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ሪኬትስና ባልደረቦቻቸው፣ የራጁ ነጥቦች ወደ ኮምፒዩተር ገብተው የልጁ የወደፊት ፊት ተሥሎ ለሐኪሙ የሚላክበትን አገልግሎት አደራጁ። ሪኬትስ በ1972 የታችኛው መንጋጋ በቅስት መስመር ላይ ያድጋል የሚለውን መርሕ አሳተሙ። ለሐኪሙም ለወላጁም የነገውን ፊት ዛሬ ማየት ትልቅ ነገር ነበር።

ነገር ግን ትንቢት የሚፈተነው ዘመኑ ሲደርስ ነው። በ1975 ግሪንበርግና ጆንስተን የኮምፒዩተሩን ትንቢት ከልጆቹ እውነተኛ ዕድገት ጋር ባስተያዩ ጊዜ፣ አማካዩን ዕድገት በቀላሉ ከመደመር ብዙም እንደማይሻል አገኙ። በ1984 ደግሞ ባውምሪንድና ባልደረቦቻቸው፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የትኞቹ ልጆች መንጋጋ ወደ ኋላ እንደሚዞር ከመጀመሪያው ራጅ እንዲለዩ ቢጠይቋቸው፣ መልሳቸው በዕጣ ከተገኘ መልስ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ጕድለቱ የሐኪሞቹ ትጋት ወይም የኮምፒዩተሩ ፍጥነት አልነበረም። ኮምፒዩተሩ የተሰጠው የፊትን ቅርፅ ነበር፤ ቅርፁን የሚለውጠው ምክንያት ግን አልተሰጠውም።

ከአውሮፕላን ክንፍ ወደ መንጋጋ አጥንት

ምክንያቱን ማለትም ኀይሉን በአጥንቱ ውስጥ ለማየት የሚያስችለው ስልት የመጣው ካልታሰበ ስፍራ ነው። በ1950ዎቹ የቦይንግ ኩባንያ መሐንዲሶች የአዳዲስ አውሮፕላኖች ክንፍ በሚሸከመው ኀይል እንዴት እንደሚታጠፍ በተለመደው ስሌት ማወቅ ተስኗቸው ነበር። ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ መፍትሔውን አሳዩ፤ ሬይ ክላፍም በ1960 ዘዴውን ፋይናይት ኤለመንት ብለው ሰየሙት። በአማርኛ የውሱን ክፍልፋዮች ዘዴ ልንለው እንችላለን።

አሳቡ በቀላሉ ይህ ነው። አንድ ውስብስብ ቅርፅ በሙሉው በአንድ ቀመር ሊሰላ ካልቻለ፣ በብዙ ትንንሽ ቍራጮች ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ ቍራጭ ቀላል ሒሳብ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቍራጮቹ በሚገናኙባቸው ነጥቦች ሁሉ ኀይሎቹ እንዲመዛዘኑ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ቀመሮች በአንድነት ይፈታሉ። ይህን ሰው በእጁ ሊፈጽመው አይችልም፤ ለኮምፒዩተር ግን ተገቢው ሥራ ነው።

ከመሐንዲሶች ወደ ሐኪሞች ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀም። በ1972 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ብረክልማንስና ባልደረቦቻቸው ዘዴውን በጭን አጥንት ላይ ሞከሩት፤ ማየርና ኩልማን ከመቶ ዓመት በፊት በዐይን ያስተያዩት ያው አጥንት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1973 በሚቺጋን ፋራህ፣ ክሬግና ሲካርስኪ የተጠገነ ጥርስ የሚሸከመውን ውጥረት አሰሉበት። በ1987 የኦሳካው ካዙኦ ታነና ባልደረቦቻቸው ጥርስ በማቃኛ ሽቦ ሲገፋ በሥሩ ዙሪያ የሚፈጠረውን ውጥረት በሦስት አቅጣጫ አሳዩ።

ታነና ባልደረቦቻቸው በ1989 ያወጡት ጥናት ለልጆች ሕክምና ይበልጥ የቀረበ ነበር። ከሰው የራስ ቅል ተነሥተው ከሁለት ሺህ ባነሱ ቍራጮች የተሠራ አምሳያ አዘጋጁ፤ የላይኛው መንጋጋ ከውጭ ወደ ፊት ሲሳብ ምን እንደሚሆንም መረመሩ። ስበቱ በቀጥታ ወደ ፊት ሲሆን መንጋጋው ወደ ላይ እየዞረ ይመጣል፤ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ዘንበል ሲል ግን ያለ ብዙ መዞር ወደ ፊት ይገፋል። ይህ ለሐኪም እጅ የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ የስበቱን አቅጣጫ ከመምረጡ በፊት ልዩነቱን አስቀድሞ ያሳየዋልና።

ሆኖም ዘዴው የማይናገረውን ማወቅ የሚናገረውን የማወቅ ያህል ያስፈልጋል። አምሳያው የሚያሳየው ኀይሉ ባረፈበት በመጀመሪያው ቅጽበት የሚሆነውን ብቻ ነው። ልጁ ግን መሣሪያውን ለወራት ያደርጋል፤ በእነዚያ ወራትም አጥንቱ ሕያው ሆኖ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛም፣ ስሌቱ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል የግትርነት ልክ እንዲሰጠው ይጠይቃል። የጥርስን ሥር ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ1997 ሪስና ጄከብሰን እስከዚያ ድረስ ለዚህ ጅማት የተሰጡትን ልኮች ሲሰበስቡ፣ ከአንድ ሜጋፓስካል አንድ ዐሥረኛ በታች ጀምሮ ከአንድ ሺህ ሜጋፓስካል በላይ የሚደርሱ ቍጥሮች አገኙ። እንዲህ ባለ ልዩነት ላይ የቆመ ስሌት እስከ ዐሥርዮሽ ድረስ ተጽፎ ቢቀርብም፣ የቍጥሩ ጥራት የዕውቀቱን ጥራት አይመሰክርም።

ሕጉን ለመጻፍ የተደረገው ሙከራ

ቅጽበትን ከዓመታት ጋር የሚያገናኘው ሕግ ከየት ይምጣ? የኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲው ሜልቪን ሞስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ አጥንት በራሱ አያድግም፤ በዙሪያው ያሉት ሥጋና ጡንቻ፣ የሚተነፈስባቸውም ክፍተቶች ሲያድጉ ይከተላቸዋል ብለው አስተማሩ። በስትራስቡርግ አሌክሳንደር ፔትሮቪች በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ሲመጣ በራሱ ላይ ያለው ካርቲሌጅ የተባለው ለስላሳ አጥንት ዕድገቱን እንደሚያፋጥን አሳዩ፤ ነገሩንም ሙቀቱን ራሱ እንደሚቈጣጠር ምድጃ በመልስ ምት በሚሠራ ሥርዓት መሰሉት። ሃሮልድ ፍሮስት በ1987 አጥንት መለጠጡ ከአንድ ልክ ሲያልፍ እንደሚጨምር፣ ከሌላ ልክ ሲያንስ እንደሚቀንስ የሚገልጽ አስተያየት አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሪክ ሃይስከስና ባልደረቦቻቸው ይህን መሰሉን ሕግ ከውሱን ክፍልፋዮች ዘዴ ጋር አጣመሩ። ኮምፒዩተሩ ውጥረቱን ያሰላል፤ አጥንቱን በሕጉ መሠረት ጥቂት ይለውጣል፤ ከዚያም በተለወጠው አጥንት ላይ እንደገና ያሰላል።

ቮልፍ ያልጻፉት ቀመር እነሆ መጻፍ ተጀመረ። ነገር ግን የሃይስከስ ሥራ የአዋቂ ሰው አጥንት በሰው ሠራሽ መጋጠሚያ ዙሪያ እንዴት እንደሚሳሳ ለማወቅ የታሰበ ነበር። የልጅ መንጋጋ ግን ለጫና መልስ ከመስጠቱ በተጨማሪ፣ ጫና ቢኖርም ባይኖርም ከውርስ በመጣ ዐቅድ ያድጋል። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚተባበሩ፣ ምን ያህልም እንደሚፎካከሩ በእርግጥ የሚናገር ቀመር እስከ ዛሬ የለም።

ይህን በጉልህ ያሳዩት በልጆች ላይ የተደረጉት ረጃጅም ክትትሎች ናቸው። የታችኛው መንጋጋቸው ወደ ፊት ለሚወጣ ልጆች አገጭን ወደ ኋላ የሚስብ ቆብ በጃፓን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል። ሱጋዋራና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባወጡት ጥናት ልጆቹን እስከ ዕድገታቸው ፍጻሜ ተከታተሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገኘው መልካም ለውጥ በኋለኞቹ የዕድገት ዓመታት ብዙ ጊዜ እንደሚጠፋ አገኙ። ኀይሉ እውነተኛ ነበር፤ ለውጡም ታይቶ ነበር፤ ተፈጥሮ ግን ወደ ራሷ መንገድ ተመለሰች።

የታችኛው መንጋጋቸው ወደ ኋላ ስለ ቀረ ልጆችም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሣ። በሰሜን ካሮላይና፣ በፍሎሪዳና በብሪታንያ ልጆችን በዕጣ እየለዩ ገና በልጅነት በማከምና እስከ ጕርምስና በማቆየት መካከል ያለው ልዩነት ተመረመረ። በ2003 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያው ጥናት ከ8 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 174 ልጆች ያካተተ ነበር። በመጀመሪያ በታከሙት ላይ ለውጥ ታየ፤ አብዛኛው ግን ከጥርሶቹ መንቀሳቀስ የመጣ ነበር፤ የአጥንቱ ድርሻ ጥቂት ሆነ። ሁሉም ሕክምናቸውን በጕርምስና ሲጨርሱ፣ ቀድሞ የተጀመረላቸውና ዘግይቶ የተጀመረላቸው በመንጋጋቸው አቀማመጥ ይህን ያህል የሚለያዩ አልሆኑም። ቀድሞ ማከም ግልጽ ጥቅም አለው የተባለው፣ ወደ ፊት የወጡት የላይኛ ጥርሶች በመውደቅና በመመታት እንዳይሰበሩ በመጠበቁ ነው። ይህ ጥቅም የሚናቅ ባይሆንም ለጋውን ዕፅ የማቃናት ጥንታዊ ተስፋ ከሰጠው ቃል ጋር አይመጣጠንም።

ዛሬ ላለነው የቀረልን ሥራ

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ አድጓል። በ1995 የአምስተርዳሞቹ ኮልስትራና ፋን ኤይደን መንጋጋን ከነጡንቻዎቹ በእንቅስቃሴ ላይ የሚያሳይ አምሳያ አቀረቡ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለጥርስ ሕክምና ተብሎ የተሠራው ሲቲ ራጅ የአንዱን ታካሚ አጥንት በሦስት አቅጣጫ ያነሣል። ታነ በሁለት ሺህ ያህል ቍራጭ የሠሩት አምሳያ ዛሬ በመቶ ሺህዎች በሚቈጠሩ ቍራጮች ይሠራል። ሥዕሉ በቀለም አሸብርቆ በመስታወቱ ላይ ሲዞር ተመልካቹ እውነተኛውን አጥንት የሚያይ ይመስለዋል። አደጋውም ከዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ባማረ ቍጥር ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለው ያልተጻፈ ቀመር እየተረሳ ይሄዳልና።

ስለዚህ የዚህ ማኅበር አባላት የመንጋጋ አምሳያ በጽሑፍም ሆነ በሻጭ እጅ ሲቀርብላቸው ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቁ ታሪኩ ያስተማረንን ይጠቀሙበታል። አንደኛ፣ አምሳያው ከማን አካል ተወሰደ? የክሊቭላንዱን የመሰሉት ታላላቅ የዕድገት መዛግብት በአብዛኛው የተሰበሰቡት ከኤውሮፓውያን ትውልድ ልጆች ነው፤ የእነርሱ አማካይ ለጎንደር ወይም ለሐረር ልጅ መለኪያ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መቀበል አይገባም። ሁለተኛ፣ በውስጡ የተጻፈው የዕድገት ሕግ የትኛው ነው? ምንም ሕግ ከሌለበት የሚናገረው ስለ ቅጽበቱ ብቻ መሆኑ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ትንቢቱ በየትኞቹ ልጆች፣ እስከ ስንት ዓመታቸው ተፈተነ? በዚህ ላይ፣ ለአምሳያው ሲባል ብቻ በልጅ ላይ የሚጨመር ራጅ ሁሉ ምክንያቱ በደንብ መመዘን አለበት።

ይህን ስንል የስሌትን ዋጋ ማሳነሳችን አይደለም። የውሱን ክፍልፋዮች ዘዴ የስበትን አቅጣጫ አስተምሮናል፤ ስለ መጋጠሚያው ጫና የነበረውን ክርክር ከቃላት ወደ ቍጥር ያሸጋገረውም ልክና ስሌት ነው። አምሳያ ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄን አጥርቶ ሲያቀርብ ነው፤ ይህ ኀይል ይህን ያደርጋል ብሎ በግልጽ ሲናገር፣ ተሳስቶ እንደ ሆነም በግልጽ ይታወቃል። ፍርድን ግን ለአምሳያው አሳልፈን ልንሰጠው አንችልም። ፍርዱ የሚገኘው ልጆቹን ዕድገታቸው እስኪፈጸም ድረስ በትዕግሥት ከተከታተለ ሐኪም መዝገብ ነው።

መሣሪያውን በአፉ ይዞ ለዓመታት የሚተኛው፣ በጓደኞቹ ፊት ለመናገር የሚያፍረው ልጁ ነው፤ ወጪውንም የሚሸከመው ወላጅ ነው። ወላጁ የልጄ መንጋጋ በዚህ ይስተካከላልን ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ፣ ከስሌት የተገኘውን፣ በልጆች ላይ ተፈትኖ የጸናውን፣ ገና ያልታወቀውንም ለይቶ የሚያስረዳ መሆን አለበት። እያንዳንዱ አባል የሚያክማቸውን ልጆች ራጅና ልክ በሥርዓት መዝግቦ እስከ ጕልምስናቸው ቢጠብቅ፣ ያ መዝገብ ቀመሩን ለሚጽፈው ትውልድ ከማናቸውም ያማረ ሥዕል ይልቅ የከበረ ስንቅ ይሆነዋል።